የሚሮጠውን ሁሉም ያየዋል

ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የሚጓዝ ሰው ወሊሶን ያልፋል። በንጉሡ ዘመን የወሊሶ ስም ጊዮን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ጊል የሚባል ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በጊዮን ስላለው የእምነት ፈውስና በመንፈስ ስለሚያዙ ሰዎች የጻፈው ጥናት ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በሰባት ቤት ጉራጌ መካከል ኖሮ ያጠናው አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ ስለ ረሃብ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ መንፈስ ሥርዓት ጻፈ። እኔ ሁለቱንም ያነበብኳቸው የአእምሮ ነርስ ሆኜ ብዙ ከሠራሁ በኋላ ነው። የእኛ ሀገር ሰው ሐኪም ሳይመጣለት በፊት ሕመሙን በስም ይጠራ ነበር፤ ስም የሰጠውንም እንደ አቅሙ ሲያስታምም ኖሯል። ስም ያልሰጠው ሕመምም ነበረ፤ እሱ ግን አስታማሚ አላገኘም።

ሻክ የገለጸው ሕመም "አውሬ" ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ድሃውን ወንድ ነው። ሰውየው ምግብ ይጠላል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ኋላም ራሱን ይስታል። መንፈስ ያዘው ይባልና ጎረቤት ይሰበሰባል። ነጭ ልብስ አልብሰው መሀል ያስቀምጡታል፣ ያጥኑታል፤ ከዚያ በቅቤና በበርበሬ የተለወሰ የእንሰት ምግብ ይቀርብለታል። እየተስገበገበ በእጁ እየዛቀ ይበላል፤ በአንደበቱ የሚናገረው መንፈስ "ጠገብኩ" እስኪል ድረስ ሥርዓቱ አያበቃም። በጉራጌ ቤት እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ጉድጓዱ ሙሉ ሆኖ ማዕዱ ቁጥብ ነው፤ በሰው ፊት አብዝቶ መብላትም ነውር ነው። ሻክ ሕመሙን ያያያዘው ከዚህ ቁጥብነትና ከድሃው ሰው ስጋት ጋር ነው። ትንታኔው ሁሉን ነገር ይፈታል ብዬ አላምንም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሥርዓቱ ራሱ ነው። የሕመሙ ስም ይታወቃል፣ ምልክቱ ይታወቃል፣ ማን እንደሚጠራና ምን እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ታማሚውም ብቻውን አይተውም። እኛ በነርስ ትምህርት ቤት "ምርመራ፣ ሕክምና፣ ማኅበራዊ ድጋፍ" እያልን ያጠናነው ይህንኑ ነው።

እኔ የመስቃን ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ቡታጅራ ዙሪያ ነው። በሰፈራችን አማርኛውም፣ መስቃንኛውም፣ ስልጥኛውም፣ የሶዶው ክስታኔም ይሰማ ነበር። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ግን "አበደ" የሚባለው አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ልብሱን የጣለ፣ መንገድ ላይ የሚጮኽ፣ ድንጋይ የሚወረውር፣ ከቤት ወጥቶ የሚጠፋ። አልፎ አልፎ የሚነሳበት ከሆነ "ወፈፍ ያደርገዋል" ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ስሞች በሕመሙ መልክ አይለያዩም፤ የሚለያዩት አመጡት በሚባሉት ምክንያቶች ነው። "ጂን መታው" የተባለ አለ፤ "ዛር አለባት" የተባለች አለች፤ "ቡዳ በላው"፣ "መድኃኒት አደረጉበት"፣ "ትምህርት በዝቶበት ጭንቅላቱ ተነካ" የሚባሉ አሉ። በቀን ወንዝ ዳር ያለፈ፣ አመድ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ "ለከፈው" ይባላል።

እነዚህ ስሞች ከንቱ አልነበሩም። ቤተሰቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ጂን ከሆነ ሼህ ዘንድ ይኬዳል፣ ወዳጃ ይደረጋል፣ ጫት ተይዞ ሌሊቱን ዱዓ ይደረጋል። ልክፍት ከሆነ ጠበል ነው። መድኃኒት ተደርጎበት ከሆነ የሚፈታ አዋቂ ይፈለጋል። ከሶዶ በኩል ያለው ሰው ታማሚውን ይዞ ምድረ ከብድ አቦ ገዳም ይሄዳል። ከወልቂጤና ከቸሃ በኩል ያለው ሙስሊም አብሬት ሼህ ደጅ ይደርሳል፤ ከመስቃን በኩል ያለው ቃጥባሬ ሼህ ደጅ ይሄዳል። ለታመመ ልጅ ሲባል ሃይማኖት የማይቆጠርበት ጊዜም አለ። ሙስሊሟ እናት ልጇን ጠበል ስታስጠምቅ፣ ክርስቲያኑ አባት ሼሁ ደጅ ሲጠና አይቻለሁ፤ ማንም አልነቀፋቸውም።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር የመጨረሻው መንገድ አማኑኤል ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ያለው አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ ነው። መርካቶ ደግሞ የእኛ ሰው የሌለበት መደብር የለም። ስለዚህ ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ የተነሳ ታማሚ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ የሚቀበለው አጎት ወይም የአጎት ልጅ አያጣም። እዚያ አድሮ በማግሥቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ይሰለፋል። የአንድ ወር መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። ወሩ ሲያልቅ የአውቶቡስ ገንዘብ የለም፤ እርሻው ደርሷል፤ አጎትየውም ሰልችቶታል። መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ሕመሙ ያገረሻል፣ ሰፈርተኛውም "አማኑኤልም አላዳነው" ይላል። የሆስፒታሉ ስም ራሱ ስድብ ሆኖ ቀረ፤ "አማኑኤል የገባ" ማለት ተስፋ የተቆረጠበት ማለት ሆነ። ወልቂጤ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ የሕክምና እህቶች የከፈቱት አጣጥ ሆስፒታል ለእናቶችና ለሕፃናት ትልቅ ውለታ የዋለ ቤት ነው፤ በዚያ ዘመን ግን የአእምሮ ሕመም ከመርካቶ በመለስ የሚታከም ነገር ተደርጎ አይታሰብም ነበር።

ነገሩን የለወጠው ቆጠራ ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። የመጀመሪያው ዓላማ ስለ አእምሮ አልነበረም። በገጠር ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ የሚመዘግብ አልነበረም፤ ዶክተር ደስታ ሻሜቦና ባልደረቦቹ ያንን ለማወቅ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን መርጠው የነዋሪውን ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተከታተሉ መመዝገብ ጀመሩ። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በብዙ ቦታ ስለ አእምሮ ሕመም የሚጠና ሰው የሚገኘው ሆስፒታል በር ላይ ነው። ቡታጅራ ላይ ግን ሆስፒታል የማይደርሰውም ሰው ስሙ መዝገብ ውስጥ አለ። ትልቁ ዕድል ይህ ነበር።

ያንን ዕድል የተጠቀመበት ዶክተር አታላይ ዓለም ነው። ከ10,468 አዋቂ ሰዎች ስለ አእምሮ ጭንቀት፣ ራስን ስለማጥፋት ሙከራና ስለ ጫት መረጃ ተሰበሰበ፤ እሱም በዚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኡሜዮ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የተጠየቁት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው ሃያ አጫጭር ጥያቄዎች ነበሩ፦ ራስዎን ያምዎታል? እንቅልፍ ይነሳዎታል? በቀላሉ ይደነግጣሉ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? ከተጠያቂዎቹ 17.4 በመቶው ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ነበረባቸው። 3.2 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ግማሹ ጫት ይቅም ነበር። ሰላማዊ ገጠር ነው፣ ጭንቀት የከተማ በሽታ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ቁጥር ብቻውን መልስ ነው።

እኔ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ በ1990 ዓ.ም. ለጀመረው ትልቁ ጥናት ጠያቂዎች ሲፈለጉ ተቀጠርኩ። በዶክተር ደረጀ ከበደ፣ በአታላይ ዓለምና በባልደረቦቻቸው የተመራው ይህ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ሄዶ ጠይቋል። መጠይቁ ረጅም ነው፤ በአማርኛ ተተርጉሞ አስቀድሞ የተፈተሸ ነው። ቃል በቃል አንብቡ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ ተብለናል። ጀፎረውን፣ የመንደሩን ሰፊ መንገድ፣ ይዘን ከደጃፍ ደጃፍ እንሄዳለን። ቡና ይፈላልናል፣ ቆጮ ይቀርብልናል፤ ከዚያ ነው ጥያቄው የሚጀመረው።

"ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ?" ብዬ የጠየቅኳቸው አንድ ሽማግሌ "ሰምቼ አውቃለሁ እንጂ ልጄ" አሉኝ። "ጂን ሌሊት በስም ይጠራል። አቤት አይባልም።" በመጠይቁ ላይ መልሳቸው "አዎ" ነው። ሰውየው ግን የሰፈሩ አስታራቂ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጤነኛ ሰው ነበሩ። ተከታዮቹ ጥያቄዎች የተዘጋጁት ለዚህ ነው፤ ድምፁ ምን ይላል? ቀንም ይመጣል? ይሳደባል? ያዛል? ሥራ ያስፈታል? በአእምሮ ሕክምና ሐሉሲኔሽን የሚባለው ሀገሬው ሁሉ የሚያውቀው የሌሊት ጥሪ አይደለም። ሰውን ከምግቡና ከእንቅልፉ የሚነጥል፣ ሲያርስ የሚከተለው፣ "አንተ የማትረባ፣ ሂድና ገደል ግባ" እያለ የሚያዝ ድምፅ ነው። የሚሰማው ሰው ድምፁን የሚሰማው እኛ የሰው ድምፅ እንደምንሰማው ነው፤ አስመስሎ አይደለም፣ አልዋሸም።

ዴሉዥንም እንዲሁ ነው። "ጎረቤቶቼ ሊገድሉኝ ተማክረዋል" የሚል ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ በድንበር የተጣላ፣ ደም ያለበት ሰው ይህን ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሚስቱን እንጠይቃለን፣ ወንድሙን እንጠይቃለን። ጠብ የለም፣ ደም የለም፤ ሰውየው ግን ሚስቱ የምትሰጠውን ውሃ እንኳ መርዝ አለበት ብሎ ደፍቶታል፤ ምንም ማስረጃ ቢቀርብለት አይመለስም። ዴሉዥን የሚባለው ይህ ነው። በሐሉሲኔሽን ወይም በዴሉዥን ወይም በሁለቱም ሰውየው ከገሃዱ ዓለም ሲለይ ሳይኮሲስ ይባላል። ሳይኮሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ በወባ ትኩሳትም፣ በጫትና በአልኮል ብዛትም፣ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ የሚችል ሁኔታ ነው።

ስኪዞፍሬንያ ግን የበሽታ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ስዊሳዊው ኦይገን ብሎይለር ያወጣው። ብዙ የተማረ ሰው ሳይቀር አንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው መኖር ይመስለዋል። አይደለም። ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፤ ድምፁና ጥርጣሬው አለ፤ ከእነሱ ይልቅ ቤተሰብን የሚሰብረው ግን ሌላው ገጽታው ነው። ሰውየው ንግግሩ ያጥራል፣ ፊቱ ደስታም ሐዘንም አያሳይም፣ አይታጠብም፣ ከጓዳ አይወጣም። ቤተሰቡ "ሰነፈ" ይለዋል። በጥናቱ 321 ሰዎች ስኪዞፍሬንያ እንዳለባቸው ተለየ፤ ከአንድ ሺህ ሰው 4.7 ማለት ነው፤ በሌላው ዓለም ከሚታወቀው የራቀ አይደለም። ከእነዚህ መካከል ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያገኙት ከአሥር በመቶ በታች ነበሩ። ባይፖላር ያለባቸውም ብዙ ሆነው ተገኙ። ባይፖላር ማለት አንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ከፍታ፣ ሌላ ጊዜ ጥልቅ ድብርት ማለት ነው። በከፍታው ጊዜ ነጋዴው አይተኛም፣ ይናገራል፣ ይዘፍናል፣ የሱቁን ዕቃ ላገኘው ሁሉ ያድላል፣ ነገ ሚኒስትር እሆናለሁ ይላል። ይህ ማኒያ ነው። ሲወርድ ደግሞ ከአልጋ አይነሳም። የእኛ ሰው የከፍታውን ጊዜ "አበደ" ይላል፤ የዝቅታውን ጊዜ ግን "ተሻለው፣ ረጋ" ይላል። ራሱን የማጥፋት አደጋው የሚብሰው ግን በዚያ "ረጋ" በተባለበት ጊዜ ነው።

ከዚያው ዘመን የመጣ ሌላ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በቡታጅራ 100 የሰፈር አዋቂዎችን ጠየቁ። የሰባት ሕመሞች ታሪክ እየተነበበላቸው የትኛው የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ የት እንደሚታከም ተጠየቁ። የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው በብዛት የጠሩት ብዙ መናገርን፣ ጠበኝነትንና ያልተለመደ ባሕርይን ነው። ለአካል ሕመም ሐኪም ቤትን፣ ለአእምሮ ሕመም ባህላዊውን መንገድ መረጡ። ከሁሉ የከፋ ያሉት የስኪዞፍሬንያውን ሰው ነው። እኔ እነዚያን አዋቂዎች አልወቅስም። የሚታየውን ነው የተናገሩት። የሚሮጠውን ሁሉም ያየዋል።

በጥናቱ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ለአንዲት ሴት አምስት ያህል ወንድ ነበር። በሌላው ዓለም ይህን ያህል ልዩነት የለም። ሊቃውንቱ ብዙ ምክንያት ያነሳሉ። እኔ ግን በየቤቱ የገባሁ ሰው ነኝና የራሴ አስተያየት አለኝ። የታመመ ወንድ መንገድ ይወጣል፣ ገበያ ያውካል፣ ፖሊስ ያየዋል። የታመመች ሴት ጓዳ ውስጥ ትቀራለች። ልጅ አዝላ፣ እንሰት ስትፍቅ ከራሷ ጋር ብታወራ ማን ያያታል? ለማግባት የደረሰች ከሆነች ደግሞ ቤተሰቡ ይደብቃታል። በቡታጅራ 178 የታማሚ ቤተሰቦች ሲጠየቁ 75 በመቶው መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚፈሩ ተናግረዋል፤ 37 በመቶው መደበቅ ፈልገዋል። ከዚያ ከሚደበቀው መካከል ስንት እህት እንዳለች የእኛ መጠይቅ ሊቆጥር አይችልም።

ከጥናቱ ጋር የመጣው ደግ ነገር ሕክምናው ነው። ጠይቆ ብቻ መሄድ ነውር ስለሆነ የአእምሮ ተመላላሽ ክሊኒክ ቡታጅራ ላይ ተከፈተ፤ ከአማኑኤል የሠለጠኑ ነርሶች ይሠሩበት ጀመር። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ቆጠራው ቡታጅራ ላይ በጀመረበት ዓመት ማለት ነው። እኔም ኋላ በዚያው መንገድ ሄጄ ነርስ ሆንኩ። የነበሩን መድኃኒቶች አሮጌ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ለዚህ ሕመም የዋለው ክሎርፕሮማዚን፣ በ1958 ቤልጂየም የተገኘው ሃሎፔሪዶል፣ በየወሩ የሚወጋው ሞዲኬት። አሮጌ ቢሆኑም ሠርተዋል። ሞዲኬቱን ሰው ሁሉ "መርፌው" ነበር የሚለው። ለዓመታት ከግንድ ጋር ታስሮ የኖረ ሰው መርፌው ከተጀመረለት በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከወንድሙ ጋር እንሰት ሲተክል ያየ ሰፈር ስለ ሕመሙ ያለው አስተያየት ባንድ ወቅት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ከዚያው መንደር ሌሎችን ይዘው ይመጡ ነበር፤ እኛ የምንሰጠው ትምህርት ከዚያ ሰው በላይ አላስተማረም። ሁሉም እንዲህ አልሆነም። መድኃኒቱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያደርቃል፣ ምራቅ ያዝረበርባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያስርባል። መድኃኒቱን የተወ ሰው ለምን እንደተወው ሲጠየቅ "የሚበላ ሳይኖር የሚያስርብ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል" ብሎ ሲመልስ ነርስ ምን ትላለች?

ስለ ሰንሰለቱም ልናገር። ሶዶ ውስጥ፣ መስቃን ውስጥ ልጃቸውን ያሰሩ እናቶችን አውቃለሁ። ጨካኞች አይደሉም። ልጁ ሌሊት ወጥቶ ይጠፋል፣ ጅብ ይበላዋል ብለው ነው፤ ሰው መትቶ ይገደላል ብለው ነው። ይሞትብናል የሚለው ፍርሃታቸውም ልክ ነበር። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው 121ዱ ሞተዋል። የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ተቀንሶባቸዋል። ብዙዎቹን የገደላቸው እብደት ተብሎ የሚፈራው ነገር ሳይሆን ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት በሽታ። ራስን ማጥፋት፣ አደጋና በሰው እጅ መገደልም ነበረበት። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 በትልቅ የሕክምና መጽሔት ሲወጣ ከባለቤቶቹ አንዱ ዶክተር አበባው ፈቃዱ ነበር።

አሁን ወደ ዝምተኛው ሕመም ልመለስ። ድብርት የሚለው ቃል ዛሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ አፍ ላይ አለ። እኔ ስጠይቅ በነበርኩበት ዘመን ግን ገጠር ላይ "ድብርት" ስል ሰው ሁሉ የደመና ቀን፣ የስንፍና ቀን ይመስለው ነበር። ሕመሙ ግን ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ የሚሉት ሌላ ነው፦ "ሆዴ ባር ባር ይላል"፣ "ሐሳብ ይገባኛል"፣ "ልቤን ያፍነኛል"፣ "ሰውነቴን ያቃጥለኛል"፣ "ራሴን ይከፍለኛል"። ይህን ሁሉ ያለችኝን እናት "ታዲያ ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር?" ብላት "ልጄ፣ ኑሮ እንጂ ይሄ በሽታ ነው እንዴ?" ነበር መልሷ። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ደግሞ የምትናገረው ስለ ጨጓራዋና ስለ ራስ ምታቷ ነው፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች።

በዚህ ዝምተኛ ሕመም ላይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ቡታጅራ የሠራችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሻርሎት ሃንሎን ባለውለታችን ናት። ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ለመጠየቅ በዓለም የታወቀው የኤዲንብራ መጠይቅ በአማርኛ ቡታጅራ ገጠር ላይ ሲሞከር ጥሩ አልሠራም፤ ስለ ሰውነት ሕመምም የሚጠይቁት ሃያዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄዎች ተሻሉ። አዲስ አበባ ላይ ሌሎች ሲሞክሩት ግን የኤዲንብራው ሠርቷል። ያው አማርኛ፣ ያው ጥያቄ፤ ከተማዋ ሴት ስለ ስሜቷ ስትጠየቅ ትመልሳለች፣ የገጠሯ ግን ስለ ራሷና ስለ ሆዷ ካልተጠየቀች አትመልስም። በኋላ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ክትትል ተደርጎላቸው፣ በእርግዝና ጊዜ በአእምሮ የተጨነቁት ምጣቸው እንደሚረዝም፣ ጡት ማጥባት እንደሚዘገይባቸው ታየ። "ኑሮ ነው እንጂ በሽታ አይደለም" የተባለው ነገር እናትንም ልጅንም ሲጎዳ በመዝገብ የተጻፈው ያኔ ነው።

ዶክተሮቻችን ግን ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እገዛ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት አሥራ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሰባት ናቸው። ሐኪም ጠብቆ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ስለታወቀ ሥራው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፕራይም የተባለው ፕሮግራም በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ ሲጀምር በኢትዮጵያ የተመረጠው ሶዶ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ቡኢ፣ ከቡታጅራ በላይ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ። በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠለጠኑ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእድር መሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ታማሚ ሲያዩ እንዲልኩ ተደረገ። ውጤቱ እኔን አስደስቶኛል፤ አሳዝኖኛልም። ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ከተለዩት ሰዎች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ጤና ጣቢያ ደርሰው ታዩ። አርባ ዓመት ወደ መርካቶ ስንጓዝ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሠልጣኞቹ ድብርትን ግን ከስንት አንዱን ብቻ ነበር የሚለዩት። የሚሮጠው ስም አገኘ፣ መድኃኒት አገኘ። ዝም ያለችው አሁንም ተራዋን ይዛ፣ ስለ ጨጓራዋ አውርታ፣ ተመለሰች።

ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ወልቂጤም ዩኒቨርሲቲዋና ማስተማሪያ ሆስፒታሏ አላት። ስሞቹም በዝተዋል። ወጣቱ ስለ ባይፖላር፣ ስለ ፓኒክ፣ ስለ ትራውማ ያወራል። አንዳንዱ ጓደኛውን ለመሳደብ "ባይፖላር ነህ" ይለዋል፤ ይህ ልማድ ሳይሰፋ መቆም አለበት። "አማኑኤል" የሚለው የሆስፒታል ስም ስድብ ሆኖ ሲቀር ስንት ቤተሰብ በሩ ላይ ለመሰለፍ እንዳፈረ ያየሁ ሰው ነኝ። ጠበሉንና ዱዓውን ግን የሚነቅፉ ባለሙያዎች ሲያጋጥሙኝ አልስማማም። በዚያ በ178 ቤተሰቦች ጥናት 65 በመቶው ጸሎትን መርጠው ነበር፤ እነዚህን ሰዎች "ወይ ጠበል ወይ መርፌ ምረጡ" ካልናቸው መርፌውን ነው የሚተዉት። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ መርፌውንም ይወጋ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ጠበል ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱን አይከልከል፣ አይታሰር፣ አይመታ፣ ምግብም አይከልከል።

ይህን የምታነቡ የወልቂጤ፣ የቡታጅራ፣ የቡኢና የእምድብር ሰዎች፣ ቤታችሁ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ የጠላች፣ የምትወደውን ሥራ የተወች፣ "ብሞት ይሻለኝ ነበር" የምትል እናት ወይም እህት ካለች፣ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ስለ ራስ ምታቷ ብቻ እንድትናገር አትተዉአት፤ ሌላውንም አብራችሁ ተናገሩላት። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት ለመጻፍ ብዕራችሁን ስታነሱ፣ ስለ እንቅልፏና ስለ ሐሳቧ ጠይቋት። ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነም ጠይቋት፤ ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባባትም፣ ደፍሮ የጠየቃት ሰው ሲኖር ነው የምትናገረው።